የኋላ ማርሽ የተማረው ፈረስ

እኔ ወሬ በግማሽ ሲቀርብኝ የምታመም ሰው ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «ከዚያማ ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው...» ብለው ጀምረው መውረጃቸው ደርሶ ቢወርዱ፣ ሰውዬው ምን እንዳለ ሳላውቅ ቀኑን ሙሉ ስንገበገብ እውላለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሮቤ፣ ቤቴ በር ላይ መውረድ ሲገባኝ ወሬውን ተከትዬ እስከ ጎባ ሄጃለሁ። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ታወራብኛለች። እኔ ግን አላፍርበትም። መጨረሻውን ሰምቼዋለሁ፤ ጎባ ድረስ የሚያስኬድ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር ያሸከሙት።

ነገሩ የመጣው ፌስታል ይቅር በተባለ ሰሞን ነው። የሮቤ ባለሱቆች «ዘንቢል ይዛችሁ ኑ» እያሉ ከደንበኛ ጋር ሲነታረኩ፣ እኔ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት ምንም አልተጨነቀም። ከስልጤ አገር የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሰው ቀና ብሎ ማየት የሚያፍር ልጅ ነው። ሱቁን የተረከበው ከአጎቱ ነው። አጎቱ ደግሞ ምንም ነገር የማይጥሉ ሰው ስለነበሩ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችው መጋዘን በማዳበሪያ ከረጢት በታጨቀ የድሮ ጋዜጣ ተሞልታለች። ልጁ አንዱን ከረጢት ፈታና ስኳሩንም፣ ምስሩንም፣ ምስማሩንም እንደ ድሮው በጋዜጣ እየጠቀለለ መስጠት ጀመረ።

የመጀመሪያዋን ጥቅልል ቤት ወስጄ ስኳሩን ስገለብጥ ዓይኔ አንድ ትልቅ ርእስ ላይ አረፈ፦ «ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች አዳዲስ ወንበሮች ተገዙ»። ከሥሩ ያለው ተቀዶ ሄዷል። እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል? ወንበሩ ተገዛ፤ ከዚያስ? ተቀመጡበት? ተመቻቸው? ወይስ ለሁሉም አልደረሰም? ራት ላይ ባለቤቴን ብጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ ይልቅ እንጀራህን ብላ» አለችኝ።

በማግስቱ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩና የቀረውን ግማሽ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት።

«ቲቸር፣ የቀረውማ በርበሬ ይዞ ሄዷል» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

«ወዴት?»

«ወደ ሲናና።»

ተናደድኩ። ሱቁ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የባሌን ስንዴ በጭነት መኪና ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ትልቅ ትንሹ ሃጂ ይላቸዋል። ንዴቴን ጥቂት አዩና «ኤርጋሲ?» አሉኝ። በኦሮምኛ «ከዚያስ?» ማለታቸው ነው።

«ከዚያማ አላውቅም ሃጂ። ተቀዷል።»

«የተቀደደውን ማን ጠየቀህ? ወንበሩ ተገዛ። ኤርጋሲ?»

«ተቀመጡበት።»

«ኤርጋሲ?»

«ተመቻቸው።»

«ኤርጋሲ?»

«ከተቀመጡበት ሳይነሡ ቀሩ።»

ሃጂ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱት። «ያ ረቢ! አሁን ገና ገባኝ! ለአንዲት ፊርማ ስመላለስ ሁልጊዜ ሰውዬው ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኝ ነበር። ለካ ስብሰባ አይደለም፤ ወንበሩ ይዟቸው ነው!»

እኔም ሳቅኩ፤ ሕመሜም ለቀቀኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀረውን ግማሽ ፍለጋ መሮጥ ተውኩ፤ እኛው እንጨርሰው ጀመር። ልጁ ዕቃ ሲጠቀልል ርእሱን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሃጂ «ኤርጋሲ?» ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ፈንታ ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፦ ነገሩ የትም ይጀምር የት፣ መጨረሻው ባሌ መድረስ አለበት። በዚህ ደንብ ሃጂ ቀልድ አያውቁም። «የሩቅ ወሬ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» ይላሉ።

«ሰው ሠራሽ ዝናብ ለማዝነብ ሙከራ ሊደረግ ነው» የሚል የወጣ ዕለት ሙከራው እንደተሳካ የነገሩን ሃጂ ናቸው። ዝናቡ ተሠርቶ ተላከ፤ ተቀባዩ ግን በቦታው አልተገኘም። ሲንከራተት ከርሞ እኛ ሰማይ ላይ አራገፉት። «ክረምት ላይ ሮቤ የሚዘንበው የሰው ዝናብ ነው» አሉ፤ «ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ጭቃውን እኛ እንጠብቅለታለን።» በሶፍ ዑመር ዋሻ የኤሌክትሪክ መብራት ሊገባ ነው የሚለውን ደግሞ እኔ ጨረስኩት። የሌሊት ወፎቹ ተሰብስበው ሽማግሌ መረጡ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሮቤ መጡና ለደላላ «መብራት የማይበረክትበት ሰፈር ፈልግልን» አሉት። ደላላው «የፈለጋችሁትን ምረጡ» አላቸው። ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ስለነበር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሳቀ።

የሃጂን የአውቶቡስ ወሬ ግን የሚያህለው የለም። ርእሱ «አገር አቋራጭ አውቶቡሶች በሰዓታቸው እንዲነሡ ተወሰነ» ይላል። «ተነሣ» አሉ ሃጂ፣ እጃቸውን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርግተው። «በሰዓቱ። ባዶውን! ተሳፋሪው እንደ ልማዱ አርፍዶ ሲመጣ አውቶቡሱ የለም። ሾፌሩም ከተሳፋሪው ጋር ቆሞ ማን ወሰደው ይላል። አውቶቡሱ ብቻውን ዶዶላን አለፈ፣ አዳባን አለፈ፣ ዲንሾ ላይ ብርድ መታው፣ ሮቤ ገብቶ መናኸሪያው ውስጥ ተራ ያዘ። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ!» ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገራል።

ልጁ አንባቢ ብቻ ነበር። ሃጂ አንዳንዴ ወደ እሱ ዞረው «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተስ? ኤርጋሲ?» ሲሉት ጆሮው ድረስ ይቀላና «እኔ እንጃ ሃጂ» ብሎ ሚዛኑን ይወለውላል።

ከሱቁ ፊት ለፊት አንዲት ልብስ ሰፊ ትሠራለች። ቤቷ ጎባ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች፣ ወደ ማታ ትመለሳለች። ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ የምትገዛው እዚሁ ነው። ሳቋ ከሰው ሳቅ የተለየ ነው፤ ወሬው ሳያልቅ ቀድሞ ይመጣል፣ እሷ አፏን በእጇ ብትሸፍነውም በጣቶቿ መካከል ያመልጣል። ስትመጣ ሃጂ እንኳ ወሬያቸውን ያሳምሩታል።

አንድ ቀን ሃጂ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «ቲቸር፣ እይ። ለእኔ ምስማር እጁ የገባውን ቀዶ ይጠቀልላል። ለእሷ ቁልፍ ግን ከረጢት ሙሉ ያገላብጣል።» እውነትም ልጁ ከረጢቱ ውስጥ እስከ ትከሻው ገብቶ ደህና ርእስ ይፈልግላታል። እኔ ደግሞ ሌላውን አየሁ። ልብስ ሰፊ ቁልፍ አንዲት አንዲት እየገዛች አይቼ አላውቅም።

ቁልፏ የተጠቀለለችበትን ቁራጭ ጎባ ትወስደዋለች። አባቷ ራት ከመብላታቸው በፊት «ዛሬ ቁልፏ ምን አለች?» ብለው እንደሚጠይቋት፣ ርእሱን ራሳቸው ፊደል በፊደል እንደሚያነቡ፣ የእኛን መጨረሻ ስትነግራቸውም እንደሚስቁ አጫወተችን። ሰውዬው በጎልማሳነታቸው ማንበብ የተማሩ፣ የገብስ ማሳና አንድ ዳማ ፈረስ ያላቸው፣ የታተመ ነገር የሚያከብሩ ሰው ናቸው። አባቷ ወሬያችንን ወደዱት መባሉን ሲሰማ ልጁ ያን ቀን ለደንበኛ ሁሉ ምርቃት ጨመረ።

ጣጣ ያመጣችብንን የጋሪ ርእስ ያነበበው ከዚህ በኋላ ነው። «የፈረስ ጋሪዎች ታርጋ እንዲለጥፉ ተወሰነ» ይላል። እሷ ባንኮኒው አጠገብ ቆማለች፤ አንድ ከገሰራ የመጣ ገበሬም ምስማር እየገዛ ነበር። ሃጂ «ኤርጋሲ?» አሉ። እኔ ታርጋው ጋሪው ላይ ይለጠፍ ፈረሱ ላይ በሚል ክርክር እንደተነሣ መናገር ስጀምር ልጁ ድንገት ቀና አለ።

«ከዚያማ» አለ፣ «ፈረሶቹም መንጃ ፈቃድ አውጡ ተባሉ።»

ሁላችንም ዞርን። ሃጂ ቀስ ብለው፣ ያረፈች ወፍ እንዳትበርባቸው ፈርተው ይመስለኛል፣ «ኤርጋሲ?» አሉት።

«ፈተና ወጣ። ፈተናው የኋላ ማርሽ ነው። ወደ ኋላ መሄድ የማይችል ፈረስ ሮቤ ገበያ አይገባም ተባለ።»

እሷ ያ ሳቋ መጣባት። ቁልፉ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ፤ ልጁም አንሥቶ ሲሰጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። እኔና ሃጂ ልጅ እንደተወለደልን ሰው ተደስተን ነበር። ገበሬው ግን አልሳቀም። የሚኒባሱ ረዳት «ገሰራ! ገሰራ!» እያለ ሲጣራ ምስማሩን ይዞ ሮጠ። ማንም ልብ አላለውም።

ባሌ ውስጥ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ መተላለፍ የለም። ነጋያ? ነጋያ። ኢጆሌን ነጋያ? ልጆች ደኅና ናቸው? ሆሪን ነጋያ? ከብቱ ደኅና ነው? ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ «ኦዱ?» ይመጣል፤ ምን ወሬ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ያለህን ትሰጣለህ፤ ወሬ ይዞ አልሰጥም ማለት ነውር ነው። ገበሬውም ያለውን ሰጠ። «ሮቤ ጋዜጣ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብሎ ለአንዱ ነገረ፤ ያም ለሌላው። የገበያ ቀን ሲደርስ ወሬው ጎባ ገብቶ የልጅቷ አባት ዘንድ ደረሰ።

ልጅቷ የፈረሱን ወሬ ቤት ነግራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን ያን ቀን የልጁን ዓይን አይታለች፤ ቁራጩን ለአባቷ ማሳየት አፍራ ደበቀችው።

ሰውዬው ወሬውን ሲሰሙ አላጉረመረሙም። ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወጣ ነው። ዳማውን ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው መስክ ወሰዱና ማስተማር ጀመሩ። ደረቱን ገፋ ያደርጉታል፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ካለ እፍኝ ገብስ ይሰጡታል። ፈረስ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የሚወድ እንስሳ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ዳማው ሌላ ሰው ሆነውበት ዓይን ዓይናቸውን ያይ ነበር አሉ። ገብሱ ግን ገብስ ነው። ሲቆይ ያለ ግፊት፣ «ዱባት!» ሲሉት ብቻ፣ ወደ ኋላ በል ማለት ነው፣ እንደ አሮጌ ሾፌር ተስተካክሎ ይሄድላቸው ጀመር። ጎረቤቱ አይቶ አመሰገናቸው። ሰውዬው ኮሩ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ዳማውን በቀይ ሱፍ በተዘመዘመው ኮርቻ አስጊጠው ሮቤ ድረስ ጋለቡና የመንጃ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ በር ላይ ደረሱ። ዘበኛው ምን ፈልገው እንደመጡ ጠየቃቸው። «ፈተና» አሉ። ዘበኛው አልገባውም፤ እሳቸውም በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብለው «ዱባት!» አሉ። ፈረሱ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ወደ ኋላ ሄደ። በየመስኮቱ ጸሐፊው፣ ኃላፊው፣ ባለጉዳዩ ብቅ ብቅ አለ። አጨበጨቡላቸው። ጭብጨባው ውስጥ ሳቅ እንዳለበት ሲገባቸው ፈረሳቸውን አዞሩ።

ወሬው ከየት እንደወጣ ለማወቅ አልተቸገሩም። እኛ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን አንድ ሽማግሌ በዳማ ፈረስ መጡና ሱቁ ፊት ቆሙ። ከባንኮኒው በላይ ለመጠቅለያ የተንጠለጠለውን ጋዜጣ አዩ፣ ልጁን አዩ፣ እኛን አዩ። ፈረሱን ኮርኩረው ሄዱ። ማን እንደሆኑ ያወቅነው በማግስቱ ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ስትመጣ ነው።

«አባቴ በዕድሜው ሰው ስቆበት አያውቅም» አለችን። «ከእንግዲህ ቁልፍ እንኳ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቤታችን እንዳይገባ ብሏል።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «ሽማግሌ ልልክ ነው ብለኸኝ ነበር። እሱ እምቢ ካለ እኔ ከአባቴ ቃል አልወጣም። ስለዚህ እምቢ እንዳይል አድርጉ።»

ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን እኔም ሃጂም አልሰማንም ነበር። ያ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ይህን ሁሉ መቼ ተናገረ? ደስ ሊለን ሲገባ አልቻልንም። በሕይወቱ አንዴ ወሬ ፈጠረ፤ ወሬዋም ዞራ ዞራ የሚወዳትን ልጅ አባት አገኘች።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ሱቅ ብቻ ሆነ። ልጁ ማንበብ ተወ። ሃጂ «ኤርጋሲ?» ማለት ተዉ። እኔ ርእሶቹን ቤቴ ወስጄ ለብቻዬ ባነብም አልጣፈጠኝም፤ ባለቤቴ እንኳ «ዛሬ ወንበራቸው ላይ የቀሩት ሰዎች እንዴት ሆኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ ሃጂ ነጭ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። «እንሄዳለን። ቢበዛ ያባርሩናል።»

ሽማግሌዎቹ ሃጂና እኔ ሆንን፤ ሦስተኛ አንድ ዝምተኛ ሼህ ጨመርን። እኔ ክርስቲያን መሆኔን ሳስታውሳቸው ሃጂ «ወሬውን አብረን አይደል የሠራነው? ንስሐውንም አብረን እንገባለን» አሉኝ። ለልጁ ይዘን የምንሄደውን ተምርና ስኳር በጨርቅ እንዲቋጥር አጥብቄ ነገርኩት። «በጨርቅ» አልኩት ደግሜ። «በጨርቅ፣ ቲቸር» አለ።

ጎባ እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍናለች። ግቢው ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ ያየነው ዳማውን ነው። እኛን አየና ማንም ሳያዘው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሃጂ ሳቃቸውን ለማፈን ሲያስሉ እኔ ላብ አጠመቀኝ።

ሰውዬው በክብር ተቀበሉን፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ሰላምታው ተጀመረ። ሃጂ ቤተሰቡን ጠየቁ፣ ልጆቹን ጠየቁ፣ ላሞቹን፣ በጎቹን ጠየቁ፤ አፋቸው የለመደውን እየተከተለ ሄደና እኔ እግራቸውን ከመርገጤ በፊት «ፈርዲንስ ነጋያ? ፈረሱስ ደኅና ነው?» አሉ።



«ደኅና ነው» አሉ ሰውዬው። «ብዙ ተምሯል።»

ሼሁ ቶሎ ብለው ዱዓ አደረጉ፤ ሃጂም የመጣንበትን ጉዳይ በሚያምር ኦሮምኛ አቀረቡ። ሰውዬው ያመጣነውን ዘንቢል ወደ ራሳቸው ሳቡ። ተምሩን አወጡ። የስኳሩን ቋጠሮ ፈቱ። ከጨርቁ ሥር ጋዜጣ ነበር።

ልጁ በጨርቅ ቋጥሯል፤ እንዳልኩት። ግን መጀመሪያ እጁ እንደለመደው በጋዜጣ ጠቅልሎት ነበር። ያን ጊዜ ብሸሽ ደስ ባለኝ። ሰውዬው ጥቅልሉን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመሩ።

«ልዑካኑ... ያለ ስምምነት... ተመለሱ።»

ከዚያ ሁሉ ከረጢት ይህቺ ትውጣ! ሃጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰውዬው ጋዜጣውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እኔን ተመለከቱ።

«ያ ቲቸር እርስዎ ነዎት አይደል? መጨረሻውን የሚናገሩት?»

«ነኝ» አልኩ።

«ኤርጋሲ?»

ዕድሜ ልኬን የወሬ መጨረሻ ስፈልግ ኖሬ፣ ያን ቀን መጨረሻው እንዳይመጣ ፈለግኩ። «ልዑካኑ... ተመለሱ» አልኩ። «መንገድ ላይ መኪናቸው ተበላሸች።»

«የት?»

«እዚሁ። ጎባና ሮቤ መካከል።» ደንባችን ነው፤ ባሌ መድረስ አለበት።

«ኤርጋሲ?»

«ቆሙ።»

«ኤርጋሲ?»

«በረዳቸው» አልኩ፤ ከዚያ ምንም አልመጣልኝም። ሃጂ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰውዬው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። በሩ ላይ ጉሙ ገለጥ ብሎ ዳማው ይታያል። ሰውዬው ወደ እሱ ተመለከቱ።

«ኤርጋሲማ» አሉ በመጨረሻ፣ «የዚህ ግቢ ባለቤት ፈረስ ላከላቸው። መኪናቸውን ጎትቶ ሮቤ እንዲያደርስ። ፈረሱ ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ፈረስ ነው። የኋላ ማርሽ ብቻ ነው የተማረው። ቢሉት፣ ቢለምኑት፣ ወደ ፊት አልሄድም አለ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ብሎ ልዑካኑን ከነመኪናቸው እዚህ ግቢ መልሶ አገባቸው። ያን ጊዜ ተስማሙ።»

ከመጋረጃው ኋላ ያ ሳቅ መጣ። ወሬው ሳያልቅ ነው የመጣው፣ «ወደ ኋላ» ከሚለው ላይ። ሃጂ እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ዝምተኛው ሼህ እንኳ ጢማቸው ይርገበገብ ጀመር። ሰውዬው ብቻ አልሳቁም፤ መጋረጃውን እያዩ ያዳምጡ ነበር።

«ከፈረሱ ነገር በኋላ ይህ ቤት አልሳቀም» አሉ። «እኔው ነኝ የከለከልኩት። ራት አልጣፈጠኝም። ቁልፏ ምን አለች ብዬ ልጠይቅ አፌ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ።» ከዚያ ስኳሩን ከነጋዜጣው አንሥተው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። «ለልጁ ንገሩት። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን የሚወስደው ዳማው ነው። እንዴት እንደሚነዳው ግን መጥቶ ይማር።»

ሼሁ ፋቲሓ አነበቡ፤ እኔም በልቤ አማተብኩ።

ሮቤ ስንደርስ ልጁ ከሱቁ ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆሟል። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች እየጠበቁት ነበር። ወደ እኛ መጣና የሃጂን ፊት አየ፣ የእኔን አየ፤ ምንም ሊነበብለት አልቻለም፤ ተነጋግረን ነበርና ሁለታችንም ፊታችንን ቋጥረናል። ልጁ ከንፈሩን አራሰ።

«ኤርጋሲ?» አለ።

ከእሱ አፍ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬን በግማሽ ይዞ መቆም እንዴት እንደሚጥም ገባኝ። «መጀመሪያ ስኳር መዝንልኝ» አልኩት። ሃጂ ግን አላስቻላቸውም፤ ሳቃቸው አምልጧቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ እንደ ዳማው፣ መንገዱ መሃል፣ በሰው ፊት፣ በዚያ በዕድሜ በደከመ እግራቸው ወደ ኋላ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ልጁም ገባው።